ኮርቬት የተባለችው የአሜሪካን መኪና በፋብሪካ እንዴት ትገጣጠም ነበር

በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የአንዲት ቀይ ኮርቬት ሥዕል ተለጥፎ ይገኛል። የ1963 ሥሪት ናት፤ የኋላ መስታወቷ በመካከሉ በሚያልፍ ዘንግ ለሁለት በመከፈሉ ትታወቃለች፤ እንዲህ ያለ መስታወት የነበራት በዚያው ዓመት ብቻ ነውና። ሥዕሉን የለጠፈው ጓደኛዬ አንድ ማታ ከጥናት በኋላ ጋደም ብሎ እያያት፥ «ይህችን የመሰለች መኪና የሰው እጅ አልነካትም። በፋብሪካው በአንድ በር ብረት ያስገባሉ፤ በሌላው በር መኪናዋ እየተነዳች ትወጣለች» አለኝ። እኔም፥ «መጀመሪያ ነገር አካሏ ብረት አይደለም» ብዬ ጀመርሁ፤ ክርክሩም መብራት እስኪጠፋ ድረስ ቆየ። ጓደኛዬ የሚከራከረው ለማሸነፍ እንጂ ለማወቅ ስላልሆነ በቃል ልረታው አልቻልሁም። ስለዚህ በጽሑፍ መጣሁበት፤ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በፋብሪካ ሳይሆን በሆቴል አዳራሽ ነው። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ በ1953 በጃንዋሪ ወር በኒውዮርክ ከተማ በዋልዶርፍ አስቶርያ ሆቴል «ሞቶራማ» ብሎ በሰየመው ትርኢት ላይ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ነጭ ክፍት መኪና አቀረበ። ያሠራት የኩባንያው የቅርጽ ክፍል ኃላፊ የነበረው ሃርሊ ኧርል ነው። አካሏ ፋይበር ግላስ ነበረ፤ ይኸውም እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር፥ ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ ተነክሮ በቅርጽ ማውጫ ላይ የሚሠራ ነገር ነው። ለትርኢት የምትታይ አንዲት መኪና በቶሎ ለማድረስ ይህ የተመቸ ነበር። ሕዝቡ ግን መኪናይቱን ባየ ጊዜ እጅግ ስለ ወደዳት፥ ኩባንያው በዚያው ዓመት ሠርቶ ለመሸጥ ቆረጠ። ታዲያ የምትሸጠው መኪና ብረት ትሁን ወይስ እንደ ትርኢቷ ፋይበር ግላስ?

ይህ ጥያቄ የውበት ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን የሒሳብ ጥያቄ ነው። አንድ የላሜራ ፓራፋንጎ ለመሥራት፥ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ከባድ የብረት ቅርጽ ማውጫ መቅረጽ፥ ከዚያም ላሜራውን በመካከላቸው አድርጎ ብዙ መቶ ቶን ጉልበት ባለው መጭመቂያ መጫን ያስፈልጋል። መጭመቁ የደቂቃ ክፍልፋይ ነው፤ ቅርጽ ማውጫውን ማዘጋጀት ግን የወራት ሥራ ሲሆን ወጪውም ከባድ ነው። እንዲያው ለምሳሌ ያህል፥ ቅርጽ ማውጫዎቹ ሁሉ አንድ ሚሊዮን ብር ቢያስወጡ፥ መቶ ሺህ መኪና ለሚሠራ ሰው በያንዳንዷ ላይ የሚያርፈው ዐሥር ብር ነው፤ አንድ ሺህ ለሚሠራ ግን ሺህ ብር ይሆንበታል። ፎርድ በ1964 ያወጣት ሙስታንግ በመጀመሪያው ዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ 418,812 ስለ ተሸጠች አካሏ ላሜራ መሆኑ ማንንም አያስደንቅም። ኮርቬትን ግን ስንት ሰው እንደሚገዛት የሚያውቅ አልነበረም። ለፋይበር ግላስ የሚያስፈልገው ቅርጽ ማውጫ ርካሽ ነው፤ በአጭር ጊዜም ይደርሳል። ስለዚህ ፋይበር ግላስ ሆነች፤ ከዚህ በኋላ በፋብሪካው ውስጥ የተደረገው ነገር ሁሉ የዚህ ውሳኔ ልጅ ነው።

የመጀመሪያዋ ኮርቬት ጁን 30 ቀን 1953 በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ ተሠርታ ወጣች። የተሠራችበት ቦታ ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም፤ ቀድሞ ደንበኞች መኪናቸውን የሚረከቡበት ጋራዥ ነበር። የመገጣጠሚያው መስመርም ስድስት ሻንሲ ተከታትሎ የሚቆምበት ያህል ብቻ ነበር ይባላል። በዚያ ዓመት የተሠሩት በጠቅላላው 300 ናቸው፤ ይህም በወር ወደ ሃምሳ ማለት ነው። ሁሉም ነጭ፥ የውስጥ ልብሳቸው ቀይ፥ የጨርቅ ጣሪያቸው ጥቁር ነበር። የቀለም ምርጫ ያልተሰጠው ደንበኛን ለመናቅ አይደለም፤ ሠራተኛው ገና ሥራውን እየተማረ ስለ ነበረ አንድ ነገር ይቀነስለት ተብሎ ይመስለኛል። ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር፥ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው፥ ሦስት ካርቡራቶር የተገጠመለት ነበር፤ ካምቢዮውም በራሱ የሚለወጥ ባለ ሁለት ማርሽ ነበር። ዋጋዋ 3,498 ዶላር ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ። የአካሉ ቁርጥራጮች በኦሃዮ ግዛት አሽታቡላ በምትባል ከተማ በሚገኝ ሞልድድ ፋይበር ግላስ በተባለ ኩባንያ ይሠሩና ወደ ፍሊንት ይላኩ ነበር። ቁጥራቸው 46 ነው። የብረት አካል ቢሆን ኖሮ ቁርጥራጮቹ በመያዣ ላይ ይደረደሩና በኤሌክትሪክ ብየዳ እዚህም እዚያም ነጠብ ነጠብ ተደርገው ይጣበቁ ነበር፤ ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ ላሜራዎች መንትያ ስለ ሆኑ ጠርዝና ጠርዛቸው ይገናኛል። ፋይበር ግላስ እንዲህ አይደለም። ሙጫው ሲጠነክር ይሰበሰባል፤ ክሩም አንዱ ዘንድ ወፈር፥ ሌላው ዘንድ ሳሳ ይላል። ስለዚህ ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ ሁለት ፓራፋንጎዎች እንደ ወንድማማች እንጂ እንደ መንትያ አይመሳሰሉም።

ሠራተኛውም የሚያደርገው እንደሚከተለው ነው። ቁርጥራጩን በመያዣው ላይ ያስቀምጣል፤ የሚተርፈውን ጠርዝ ይሞርዳል፤ ሁለቱ ጠርዞች በሚገናኙበት ከውስጥ በኩል አንድ ድርብ ቁራጭ አስገብቶ በሙጫ ይለጥፋል፤ እስኪደርቅም በመቆንጠጫ ይይዘዋል። ከደረቀ በኋላ በውጭ በኩል የቀረውን ስንጥቅ ይሞላና በሚሽከረከር ሞረድ ያስተካክላል፤ ቀጥሎም በየደረጃው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ይህን የሠራ ሰው ብናኙን አይረሳውም፤ የመስታወት ክር ነውና ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል። በሥዕል ላይ እንደ ውሃ ለስልሶ የሚታየን ያ ጎን ለስልሶ የወጣው ከመጭመቂያ አይደለም፤ ከመዳፍ ነው። ዓይን ያላየውን ጎድጓዳ መዳፍ ያገኘዋል፤ ላሜራ ሠሪዎቻችንም ስቱኮ ካደረጉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ሲዳስሱ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው፤ የምህንድስና ተማሪ የሆነ ሁሉ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ቢል ደስ ይለኛል። በመኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሄደው በሽቦ ነው፤ የሚመለሰው ግን በመኪናይቱ ብረት ነው። መካኒኮቻችን «ማሳ» የሚሉት ይህንን ነው። አንድ መብራት በፓራፋንጎው ላይ በብሎን ሲታሰር፥ ብሎኑ ራሱ የመመለሻ ሽቦ ሆኖ ያገለግላል፤ ስለዚህ ማንም ስለ መመለሻው አስቦ አያውቅም። ፋይበር ግላስ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መብራቱ በደንብ ታስሯል፤ ሽቦው ተቀጥሏል፤ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ሆኖም ማሳ ስለሌለ አይበራም። በመጀመሪያዎቹ ኮርቬቶች ላይ ይህ ጣጣ ደርሷል። መድኃኒቱ ለያንዳንዱ መብራትና ለያንዳንዱ መለኪያ ተጨማሪ የመመለሻ ሽቦ እስከ ሻንሲው ድረስ መዘርጋት ነበር። ለአርባ ዓመት ያህል ላሜራ ሲገጣጥም የኖረ ኩባንያ፥ ላሜራው አካል ብቻ ሳይሆን ሽቦም መሆኑን ያወቀው ላሜራውን ባጣው ጊዜ ነው!

በሬዲዮም በኩል እንዲሁ ነው። ካንዴላ ብልጭ ባለ ቁጥር የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። የብረት ኮፈን ይህንን ያፍነዋል፤ ፋይበር ግላስ ግን ያሳልፈዋል፤ ሾፌሩም ዘፈን ልስማ ሲል የሞተሩን ድው ድው ይሰማል። ስለዚህ እሳት የሚያከፋፍለውን ክፍልና የካንዴላዎቹን ሽቦ በብረት ሽፋን መከለል ግድ ሆነ። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው ጠባይ ጥቅም ሰጥቷል። እስከ 1955 በተሠሩት ላይ የሬዲዮው አንቴና በውጭ የሚቆም ዘንግ አልነበረም፤ በኋላው የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ፋይበር ግላስ ውስጥ የተቀበረ የሽቦ መረብ ነበር። ክዳኑ ላሜራ ቢሆን ኖሮ ይህ ከቶ አይሆንም ነበር።

በ1953 መጨረሻ ሥራው ከፍሊንት ተነሥቶ በሚዙሪ ግዛት ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ተዛወረ፤ ቀድሞ የመኪና የእንጨት ክፍሎች ይዘጋጁበት በነበረ ሕንፃ ውስጥም ገባ። ሐሳቡ በዓመት 10,000 ለመሥራት ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ በ1954 የተሠሩት 3,640 ሲሆኑ፥ ከነዚህም ከሺህ በላይ የሚሆኑት ዓመቱ ሲያልቅ ገዢ አላገኙም። በ1955 ደግሞ የተሠሩት 700 ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ፎርድ ተንደርበርድ የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ መኪናውን አውጥቶ 16,155 ሸጠ። እንግዲህ ገበያተኛው ኮርቬትን ለምን ሸሸ? ቅርጿን ጠልቶ አይደለም። በሩ በደንብ አይገጥምም፤ ዝናብ ያስገባል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል የጎን መስታወት የላትም፤ በውጭ በኩል የበር እጀታም አልነበራትም። ሞተሯም ለመልኳ የሚመጥን አልነበረም። የመጨረሻው ጉድለት በ1955 ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በመግባቱ ተቃለለ፤ በ1953 ኩባንያውን የተቀላቀለው መሐንዲስ ዞራ አርከስ ዳንቶቭም በሞተሯና በአካሄዷ ላይ ብዙ ደከመ። የፊተኛው ጉድለት ግን በሥዕል ጠረጴዛ ላይ የሚቃና አልነበረም። በሩ እንዲገጥም የሚያደርገው በመስመሩ ላይ የቆመው ሰው ነው፤ እርሱም ልምድ እስኪያገኝ ጊዜ ያስፈልገው ነበር። ታስቦ የነበረው የ10,000 ቁጥር የታለፈው ከስድስት ዓመት በኋላ በ1960 ሲሆን፥ በዚያ ዓመት 10,261 ተሠሩ።

ጓደኛዬ ግድግዳ ላይ ያለችው የ1963 ኮርቬት የተሠራችው እንግዲህ በዚሁ በሴንት ሉዊስ ነው። በዚያን ጊዜ ሥራው መልክ ይዟል፤ በዓመቱ 21,513 ተሠርተዋል። አካሉ አሁንም ፋይበር ግላስ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ከብረት የተበየደ አጽም ገብቶለታል፤ ይህንንም ሠራተኞቹ «የወፍ ጎጆ» ይሉት ነበር፤ እኛ ዘንድ ቃሉ የሚስማማው የወፍ ማጎሪያ ለሆነው የሽቦ ቤት ነው። አጽሙ የበሩንና የመስታወቱን ቦታ አስተካክሎ ስለሚይዝ፥ የበሩ ችግር በግማሽ ቀለለ። ቁርጥራጮቹ በዚህ አጽም ላይ በሙጫ ይለጠፋሉ፤ ይሞረዳሉ፤ ይፈገፈጋሉ፤ ከዚያም አካሉ ወደ ቀለም ክፍል ይገባል። ቀለሙ ላከር የሚባለው ቶሎ የሚደርቅ ዓይነት ነበር። ብረት አካል ቢሆን በብርቱ ሙቀት ሊጋገር ይችላል፤ ፋይበር ግላስ ግን ይህን ያህል ሙቀት ስለማይችል፥ እዚህም ላይ ብርጭቆ ወረቀት የያዘው እጅ ነገሩን ይጨርሰዋል።

ቀለም የተቀባው አካል በአንድ መስመር ላይ ሽቦው፥ ዳሽቦርዱ፥ መስታወቱና የውስጥ ልብሱ ሲገባለት፥ በሌላ መስመር ላይ ደግሞ ሻንሲው ይዘጋጃል። የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚወዛወዙ ሲሆን፥ አንድ ባሌስትራ ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሞ ሁለቱንም ይሸከማል። ሞተሩ ከነካምቢዮው በሻንሲው ላይ ይቀመጣል፤ ሞተሩ የሚመጣው ከዚያችው ከፍሊንት ከተማ ነው። ከዚያ የሁለቱ መስመሮች መገናኛ ይደርሳል፤ አካሉ ከላይ በማንሻ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ በሻንሲው ላይ ይወርዳል። ሠራተኞቹ በአራቱም ማዕዘን ቆመው በእጃቸው እየመሩ ያሳርፉታል።

እዚህ ላይ ሻንሲው ሁሉ ፍጹም ቀጥ ያለ አይደለም፤ አካሉም እንዲሁ። ስለዚህ አካሉ በሚያርፍባቸው ቦታዎች ሥር ከላስቲኩ ጋር ቀጫጭን የብረት ዝርግ ይጨመራል፤ በአንዱ ቦታ አንድ፥ በሌላው ሦስት፥ በሌላው ምንም። ስንት እንደሚያስፈልግም በሻንሲው ላይ በከለር ይጻፍ ነበር። አሮጌ ኮርቬት የሚያድሱ ሰዎች አካሉን ሲያነሡ ይህንን ጽሕፈት አልፎ አልፎ ሳይጠፋ ያገኙታል። ይህ እንግዲህ «የሰው እጅ አልነካትም» ለተባለችው መኪና የእጅ ጽሑፍ ምስክር ነው።

ገዢው ያዘዘውን ሠራተኛው እንዴት ያውቃል ለሚል፥ ለያንዳንዷ መኪና ትእዛዙ የታተመበት ወረቀት ከመስመሩ ጋር ይሄድ ነበር፤ ሞተሩ ይህ፥ ካምቢዮው ያ፥ ሬዲዮ አለው ወይም የለውም ይላል። ከ1967 ጀምሮ አንዱ ቅጂ በቤንዚን ታንኩ ላይ ይለጠፍ ስለ ነበረ፥ ታንኩና አካሉ በመካከላቸው ደብቀው ለብዙ ዓመት አቆይተውታል። ዛሬ እንዲህ ያለች መኪና የሚገዛ ሰው ሻጩ የነገረውን ካላመነ ታንኩን ያወርድና ወረቀቱን ያነባል። በመጨረሻም መሪው፥ ፍሬኑና ሽቦው ይገናኛል፤ ቤንዚን ይጨመራል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ መኪናይቱም ውሃ በሚረጭበት ክፍል ውስጥ አልፋ ዝናብ ታስገባ እንደሆነ ትፈተናለች። የ1954ቱ ዕዳ አልተረሳም ማለት ነው።

ከ1964 እስከ 1967 ደግሞ ሴንት ሉዊስ ብቻውን ስላልቻለ፥ ከአካሎቹ ግማሽ ያህሉን ኤ. ኦ. ስሚዝ የተባለ ኩባንያ በሚሺጋን በአዮንያ ከተማ ሠርቶ ቀለም ቀብቶ በባቡር ይልክ ነበር። የትኛው የማን እንደሆነ በአካሉ ላይ በተመታው ትንሽ ላሜራ ላይ ይታያል፤ ኤ የሚለው ፊደል የአዮንያ፥ ኤስ የሚለው የሴንት ሉዊስ ነው።

የሚሠራው ብዛት ከዚህም ቢያንስ ምን ይደረጋል? ቅርጽ ማውጫ ጭራሽ መተው ነው። ካሮል ሼልቢ በ1962 ኮብራ የተባለችውን መኪና ሲጀምር አካሉንም ሻንሲውንም አልሠራም። እንግሊዝ አገር ያለው ኤ. ሲ. የተባለ ትንሽ ኩባንያ የአልሙኒየም አካል በመዶሻ እየቀጠቀጠ ሠርቶ፥ ሞተር የሌላትን መኪና በመርከብ ወደ አሜሪካ ይልካል፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ የፎርድ ሞተርና ካምቢዮ ይገባላታል። በጠቅላላው የተሠሩት አንድ ሺህ ገደማ ናቸው። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ያለችው አንዲት ብቻ ስለ ነበረች፥ ጋዜጠኞች ሊፈትኗት በመጡ ቁጥር ሼልቢ ሌላ ቀለም እያስቀባ ብዙ ኮብራዎች ያሉ ያስመስል ነበር። ይህንን ለጓደኛዬ ስነግረው ከክርክሩ ሁሉ የወደደው ይኸንን ብቻ ነው።

ሴንት ሉዊስ ኮርቬትን እስከ 1981 ሠራ። በዚያ ዓመት ጁን 1 ቀን በኬንታኪ ግዛት በቦውሊንግ ግሪን አዲስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ብዙ ሠራተኞችም ቤተሰባቸውን ይዘው ተከትለውት ሄዱ። የድሮው ፋብሪካ የተዘጋው ወዲያው ስላልሆነ፥ ለሁለት ወር ያህል አንዲቱ መኪና በሁለት ከተማ ትሠራ ነበር። በሴንት ሉዊስ የወጣችው በአሮጌው ላከር የተቀባች ናት፤ በቦውሊንግ ግሪን የወጣችው ግን አዲስ ዓይነት ቀለም ተቀብታ በላዩ ጥርት ያለ ሽፋን የተደረገላት ናት። ቀለሙን መለየት ያቃተው የሻንሲውን ቁጥር ይመልከት፤ ዐሥራ አንደኛው ምልክት ኤስ የሚለው ፊደል ከሆነ የሴንት ሉዊስ፥ 5 ከሆነ የቦውሊንግ ግሪን ናት።